እናቴን ያሳከምኩበት ካርድ እንቅልፍ ነሳኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ።

የ41 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለትዳር ነኝ፤ የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ።

መሥሪያ ቤታችን በጃንዋሪ 2025 ኢንሹራንስ ሲቀይር ኤችኤስኤ የሚባል ሂሳብ ተከፈተልኝ። ከየደመወዜ 80 ዶላር ታክስ ሳይነካው ተቆርጦ እዚያ ይገባል። ለሕክምና የምከፍልበት ካርድም ተሰጠኝ።

ነሐሴ ላይ እናቴ ከጎንደር በቪዚተር ቪዛ መጣች። 6 ወር ነው የተሰጣት። ደም ግፊት አለባት፤ ይዛው የመጣችው መድኃኒት አለቀ። ዓይኗም አላይ እያለ አስቸገራት። ክሊኒክ ወሰድኳት። የደም ምርመራ፣ መድኃኒት፣ የዓይን ሐኪም፣ መነጽር፤ ሁሉንም በዚያ ካርድ ከፈልኩ። ድምሩ 1,180 ዶላር ሆነ። ካርዱ ሁሉም ጋ አለፈ። ስላለፈ የተፈቀደ መሰለኝ።

ታንክስጊቪንግ ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገሩን ስነግራት ደነገጠች። «ለእናትሽ እኮ አይቻልም፤ አይአርኤስ (የአሜሪካ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ይቀጣሻል» አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ «የራስሽ ላብ ነው፤ ደግሞስ ማን ያይሻል?» ይላል። ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኩትም። እናቴ ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ልጄ በኢንሹራንሷ አሳከመችኝ» እያለች ትመርቀኛለች። በመረቀችኝ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ አለባት፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ብሎናል። ከዚሁ ካርድ ልክፈል? አባቴም መስከረም ላይ ጎንደር ኦፕራሲዮን ሆኖ 900 ዶላር ልኬያለሁ። ያንን ከሂሳቡ መልሼ መውሰድ እችላለሁ? የእኔስ ይቆያል። ለፋሲካ አገር ቤት ሄጄ አንድ ጥርሴን ተክዬ 65 ሺህ ብር ከኪሴ ከፍያለሁ። ለልጄ አስምም 340 ዶላር ከኪሴ ወጥቷል። ካርዱን ለከባድ ነገር ላቆየው ብዬ ነው። መነጽሬን እንኳ ከቀየርኩ 4 ዓመት አለፈኝ።

እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሰርቄያለሁ?

ግራ የገባኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ



እህቴ፣ አልሰረቅሽም።

ይህን ቀድሜ ያልኩት ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ኤችኤስኤ ውስጥ ያለው ገንዘብ ያንቺ ነው። ሥራ ብትለቂም አብሮሽ ይሄዳል፤ ዓመት ቢያልፍም አይቃጠልም። ወንድምሽ «የራስሽ ላብ ነው» ማለቱ ልክ ነው። ግን ግማሹን ነው የነገረሽ። መንግሥት ከዚህ ገንዘብ ላይ ታክሱን የተወልሽ በአንድ ውል ነው። ገንዘቡ ለሕክምና ይውላል፤ የሚታከመውም ሰው አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ ወይም በታክስ ሕጉ ዲፔንደንት (ጥገኛ) የሚባል ሰው ይሆናል። ከውሉ ውጭ ስታወጪው የተተወልሽን ታክስ ትከፍያለሽ፤ 20 በመቶም ይጨመርብሻል። የወንጀል ጉዳይ ሳይሆን የሂሳብ ጉዳይ ነው።

«ካርዱ አለፈ» ያልሽው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ማሽኑ የሚያየው የት እንደከፈልሽ ነው። ፋርማሲ ከሆነ፣ ክሊኒክ ከሆነ ያልፋል። መድኃኒቱን የሚውጠው ማን እንደሆነ ካርዱ አያውቅም። ያን የማወቅ ኃላፊነት የተተወው ለሂሳቡ ባለቤት፣ ላንቺ ነው። ይህን ደግሞ ካርዱን በፖስታ ሲልኩልሽ ቁጭ ብሎ ያስረዳሽ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ራስሽን በዚህ አትክሰሺ።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ወላጅ በአሜሪካ ታክስ ዲፔንደንት መሆን ይችላል። አብሮሽ መኖር እንኳ የለበትም፤ ከግማሽ በላይ የሚደጉመው አንቺ ከሆንሽ ይበቃል። እናትሽ ጋ የሚሰናከለው ሌላው መስፈርት ነው። ሰውዬው ወይ የአሜሪካ ዜጋ፣ ወይ በታክስ ሕጉ የአሜሪካ ነዋሪ፣ ወይ ደግሞ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ነዋሪ ይባላል። በቪዚተር ቪዛ የመጣ ሰው ግን የሚታየው በቀን ቆጠራ ነው። የዘንድሮው ቀን ሙሉ በሙሉ፣ ያለፈው ዓመት ቀን ሲሶው፣ የካቻምናው ስድስተኛው ይደመርና 183 መድረስ አለበት። እናትሽ ነሐሴ ላይ ስለመጡ ለ2025 ይህን አይሞሉም። በቀጣዩ ዓመት የካቲት ላይ ፈቃዳቸው ሲያበቃ ቢመለሱም አይሞሉም። ስለዚህ ያ 1,180 ዶላር ከውሉ ውጭ ወጥቷል። የሥራ ባልደረባሽ ትክክል ናት።

ይህን ስታነቢ ምን እንደሚሰማሽ እገምታለሁ። ወልደው ያሳደጉሽ እናት በወረቀት ላይ «ያንቺ» ተብለው አለመቆጠራቸው ያማል። ጎረቤት እንኳ በቤተሰብ በሚቆጠርበት ባህል ላደግን ሰዎች ይህ ሕግ ቀዝቃዛ ነው። ሕጉ ግን እናትሽን አታሳክሚ አላለሽም። ከየትኛው ኪስ እንደምታሳክሚያቸው ነው የለየው። አንዱ ኪስሽ ተዘጋ እንጂ እጅሽ አልታሰረም።

የአባትሽም መልስ ያው ነው። የሚኖሩት ጎንደር ነው፤ የላክሽው 900 ዶላር ከኤችኤስኤ አይወጣም። ያወጣሽው ከኪስሽ ስለሆነ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። እንዳለ ተይው።

ለባለቤትሽ አልነገርኩም ያልሽው ቦታ ላይ ቆም ብዬ ነበር። ለምን ይሆን? ቁጣውን ፈርተሽ ነው? ወይስ «ለወላጆቿ አበዛች» እንዳይልሽ? ምክንያቱን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ አልገምትም። ግን አንድ ነገር አስቢ። ታክስ አብራችሁ የምትሞሉ ከሆነ እሱም ይፈርማል። ሂሳቡን የያዘው ድርጅት እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ስንት እንዳወጣሽ የሚገልጽ 1099-ኤስኤ የሚባል ወረቀት ይልክልሻል። ቅጂው ለአይአርኤስም ይደርሳል። እናንተ ደግሞ ፎርም 8889 ላይ ከወጣው ውስጥ ስንቱ ለተፈቀደ ሕክምና እንደዋለ ትሞላላችሁ። ወንድምሽ «ማን ያይሻል?» ያለው እዚህ ላይ ነው የሚላላው። ስታቀርቡ ደረሰኝ አምጡ የሚል የለም፤ ከተጠየቃችሁ ግን ማሳየት አለባችሁ። ባለቤትሽ ያላወቀው ነገር ላይ እንዲፈርም ማድረግ ላንቺም አይቀልሽም። ደግሞ ስትነግሪው መፍትሔውን ይዘሽ ነው የምትነግሪው። መፍትሔ አለና።

ሕጉ በስህተት የወጣ ገንዘብ እንዲመለስ በር ከፍቷል። አንድ ሰው ወጪው የተፈቀደ ነው ብሎ በቅን ልብ ተሳስቶ ካወጣና ስህተቱን ማሳየት ከቻለ ገንዘቡን ወደ ሂሳቡ መመለስ ይችላል። ያኔ ታክስም፣ 20 በመቶውም አይነካሽም። ቀነ ገደቡ ስህተቱን ካወቅሽበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ኤፕሪል 15 ነው። አንቺ ያወቅሽው በ2025 ስለሆነ እስከ ኤፕሪል 15፣ 2026 ጊዜ አለሽ። በእኛ ሚያዝያ 7፣ 2018 መሆኑ ነው፤ ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው ረቡዕ። እኔ አንቺን ብሆን ግን እስከዚያ አልጠብቅም። እንቅልፍሽ ነው የሚበልጠው።

ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው ስልክ ላይ ደውዪ። «ሚስቴክን ዲስትሪቢውሽን» መመለስ እፈልጋለሁ በያቸው፤ በዚህ ስም ነው የሚያውቁት። የምትሞይው ቅጽ ይሰጡሻል። ከመደወልሽ በፊት የእናትሽን ደረሰኞች በቀን ቅደም ተከተል ደርድሪና ደምሪያቸው። ድርጅቱ የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ ብዙዎቹ ግን ይቀበላሉ። አልቀበልም ካለሽም ሰማይ አይደፋም። ፎርም 8889 ላይ በሐቅ ታስመዘግቢዋለሽ። ከ1,180 ዶላር ላይ 20 በመቶው 236 ዶላር ነው። የፌዴራል ታክስሽ 12 በመቶ ላይ ከሆነ 141 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይጨመራል። በድምሩ 377 ዶላር ከ60፣ ከዚያ ላይ የሜሪላንድ ታክስ። ያበሳጫል፤ ቤት ግን አያፈርስም። የፈራሽውን ነገር ቁጥሩን አውቀሽ ብትፈሪው ይሻላል ብዬ ነው ያሰላሁልሽ።

«1,180 ዶላር አሁን ከየት አመጣለሁ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ደብዳቤሽን ሁለተኛ ሳነብ ልቤን የነካው እዚህ ጋ ነው። መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል፤ «የእኔስ ይቆያል» ካልሽው አረፍተ ነገር በታች።

አገር ቤት የተከልሽው ጥርስ ይፈቀዳል! ሕክምናው ከአሜሪካ ውጭ መሆኑ አይከለክለውም። ያንቺ ጥርስ ነው፤ የጥርስ ሕክምና ነው፤ ሂሳቡ በጃንዋሪ ተከፍቶ ሕክምናው የተደረገው ለፋሲካ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ሂሳቡ ከመከፈቱ በፊት የታከምሽው ቢሆን ኖሮ አይያዝም ነበር። 65 ሺህ ብሩ በዚያ ሰሞን ምንዛሬ ወደ 500 ዶላር ገደማ ይሆናል። የክሊኒኩን ደረሰኝ ፈልጊ። በአማርኛ ከሆነ ከጎኑ ምን እንደተሠራ በእንግሊዝኛ ጻፊበት፤ የዕለቱን ምንዛሬም አያይዢ። የአውሮፕላን ትኬቱን ግን አትጨምሪ። የሄድሽው ለበዓል እንጂ ለጥርስ አይደለም።

የልጅሽ አስምም እንዲሁ። ሐኪሙ፣ የሚነፋው መድኃኒት፣ ኔቡላይዘር ካለው እሱም፤ 340 ዶላሩ በሙሉ ይያዛል። ወደ ሐኪም ስታመላልሺው የነዳሽው መንገድ ሳይቀር በ2025 በማይል 21 ሳንቲም ይታሰባል። ፓርኪንግም ይጨመራል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ከኪስሽ ከፍለሽ ያለፈን ወጪ ከሂሳቡ መልሶ ለመውሰድ የጊዜ ገደብ የለም። ደረሰኙ በእጅሽ ይኑር፣ ኢንሹራንስ ያልከፈለው ይሁን፣ በታክስ ቅነሳም ያላስቆጠርሽው ይሁን እንጂ ዛሬም፣ ከ5 ዓመት በኋላም መውሰድ ትችያለሽ። እንግዲህ እናስላው። 500 እና 340 ሲደመር 840 ዶላር ነው። የእናትሽን 1,180 መልሰሽ ያንቺንና የልጅሽን 840 በትክክለኛው መንገድ ብትወስጂ ከኪስሽ የሚጎድለው 340 ዶላር ብቻ ነው። ያ 840 ዶላር ደግሞ አንዴ እጅሽ ከገባ ከኪስሽ የከፈልሽው ተመላሽ ነው፤ የት እንዳዋልሽው የሚጠይቅሽ የለም። ለእናትሽ መድኃኒት ብታውይው እሰየው።

ገባሽ? ለራስሽና ለልጅሽ ከኪስ፣ ለእናትሽ ከካርዱ ስትከፍዪ ሁለቱን ኪሶች አገላብጠሽ ነው የተጠቀምሽባቸው። ከዛሬ ጀምሮ ገልብጪው። አንቺ፣ ባለቤትሽና ልጅሽ ስትታከሙ ካርዱ ይክፈል። በደመወዝሽ ላይ የሚተርፈው ለእናትና ለአባት ይሁን። የምታወጪው ገንዘብ ያው ነው፤ ጭንቀቱ ግን የለም።

ካርዱ ለምን እንደሚውል ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ ባጭሩ ልንገርሽ። የዓይን ምርመራ፣ መነጽር፣ ኮንታክት ሌንስ፣ ጥርስ ማስሞላትና ማስነቀል፣ ብሬስ፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ አኩፓንክቸር፣ የስኳርና የግፊት መለኪያ፤ እነዚህ ሁሉ ይያዛሉ። ከ2020 ወዲህ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡት የራስ ምታትና የአለርጂ መድኃኒቶች፣ የወር አበባ ሞዴስም ጭምር ተፈቅደዋል። የማይያዙት ጥርስ ማስነጣት፣ ጂም፣ የጥርስ ሳሙና፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ናቸው። ቫይታሚንም ሐኪም ለአንድ የታወቀ ሕመም ብሎ ካላዘዘው በቀር አይያዝም፤ ፌጦና ጥቁር አዝሙዱም እንዲሁ። የቀብር ወጪም አይሆንም። ከየደመወዝሽ የሚቆረጠው የኢንሹራንስ ክፍያም ከዚህ አይወጣም። ባለቤትሽ በሌላ ኢንሹራንስ ቢሆን እንኳ ለእሱ ሕክምና መጠቀም ትችያለሽ። ልጅሽ ሲያድግ ደግሞ አንድ ነገር አስታውሺ። ኢንሹራንሱ እስከ 26 ዓመቱ ሊያቅፈው ይችላል፤ በታክስ ዲፔንደንትሽ መሆኑ ካበቃ ግን ኤችኤስኤው ለእሱ አይሠራም። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ደረሰኞችሽን ስልክሽ ላይ ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ። የፋርማሲ ወረቀት ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል። እኔ ራሴ አንዴ ባዶ ነጭ ወረቀት ይዤ ቀርቻለሁ።

የዓይን ሞራው ይቀራል። ከካርዱ እንዳትከፍዪ፤ ይህ ቁርጥ ነው። ከዚያ ውጭ ግን እውነተኛ ምርጫዎች አሉሽ። መጀመሪያ የዓይን ሐኪሙን «ምን ያህል ይቸኩላል? ጥቂት ወር ቢቆይ ይጎዳል?» ብለሽ ጠይቂ። የዓይን ሞራ በአብዛኛው ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ፋታ ይሰጣል። ፋታ ካለ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትልቅ የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ በዚህ ቀዶ ሕክምና ልምድ ያለው ነው። አዲስ አበባም ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። እናትሽ በገዛ ቋንቋቸው፣ በጎረቤቶቻቸው መሃል ሆነው መታከም የሚመርጡ ይመስልሻል? ወይስ አንቺ አጠገባቸው ብትሆኚ ይሻላቸዋል? ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? አንዳንዴ እኛ ወላጆቻችንን እዚህ ለማሳከም ስንጨነቅ እነሱ ሆዳቸው አገር ቤት ነው። እዚህ ይሁን ካላችሁ ክሊኒኩን ኢንሹራንስ ለሌለው ከፋይ ስንት እንደሚያስከፍል በጽሑፍ ጠይቂ፤ በየወሩ መክፈል ይቻል እንደሆነም ጠይቂ። ወንድምሽንም እዚህ ላይ ጥሪው። «ማን ያይሻል» ከማለት ወጪውን ቢካፈልሽ ይጠቅምሻል፤ እናት የሁለታችሁም ናቸው።

ምናልባት ወደፊት እናትሽ ግሪን ካርድ ካገኙና የሚደጉሟቸው በዋናነት አንቺ ከሆንሽ ነገሩ ይቀየራል። ያኔ ታክስ ለሚሠራልሽ ሰው ጥያቄውን እንደገና አንሺለት።

ምርቃቱን በተመለከተ፣ እናትሽን ማረም ያለብሽ አይመስለኝም። «በኢንሹራንሷ» ያሉት ተሳስተው ነው እንጂ «ልጄ አሳከመችኝ» ያሉት እውነት ነው። ገንዘቡን ስትመልሺ ደግሞ ከላብሽ ከፍለሽ ያሳከምሻቸው አንቺ ትሆኛለሽ። ምርቃቱን ሙሉውን ተቀበዪው፤ አሜን በይ።

አሁን የቀረሽ ያንቺ ዓይን ነው። 4 ዓመት በአንድ መነጽር?  በዚህ ሳምንት ለዓይን ምርመራ ቀጠሮ ያዢ፤ ለመነጽሩ ካርዱ ይክፈል። ዓመታዊ ምርመራሽንና በ41 ዓመትሽ የሚታዘዝልሽን የጡት ምርመራም አትዝለያቸው። እነዚህ የመከላከያ ምርመራዎች ስለሆኑ እንዳንቺው ዓይነት ከፍተኛ ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣ ክፍያ) ባለው ኢንሹራንስ ውስጥም ያለ ክፍያ ነው የሚደረጉት። ስትሄጂ እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። መነጽሩን እሳቸው ይምረጡልሽ፤ ምን ዓይነት እንደመረጡልሽም ጻፊልኝ።